ለዋናው የምትቀርበው ጠርሙስ

ቢራ መቀየር ቀላል ነገር ይመስላችኋል? እናንተ ሰፈር ቀላል ይሆናል። አስተናጋጁን «ዛሬ ደግሞ ያንን ልሞክረው» ብሎ መገላገል ነው። እኛ ጋ ግን በቢራ ምክንያት ሦስት ቀን ምግብ አልበላ ያለው ሰው አለ። ሰውየው እኔ ነኝ።

ኧረ አትደንግጡ፣ አልኮል የለውም። የምኖረው ሳዑዲ ነው፤ ደማምና ኾበር መሃል፣ ራካ። እዚህ በየባቃላው፣ ማለት በየሱቁ፣ ከወተትና ከእርጎ ጎን ተደርድሮ የሚሸጥ የገብስ መጠጥ አለ። የፖም አለው፣ የሮማን አለው፣ የሎሚ አለው፣ ምንም ያልገባበትም አለው። ሕፃናት ሳይቀሩ ይጠጡታል። እኛ ግን ቢራ ነው የምንለው። ሰው ከአገሩ ሲርቅ የአገሩን ነገር ስሙን እንኳ ይዞ መቆየት ይፈልጋል መሰለኝ።

ሦስት ሆነን ሰባት ዓመት አንድ ቢራ ጠጣን። ሰይድ የኮምቦልቻ ሰው ነው፤ ቀለም ቀቢ፣ ከሁላችን ታላቅ፣ ከመናገር መስማት የሚቀናው። ይመር የወረባቦ ልጅ ነው፤ ጎሚስታ፣ ከመስማት መናገር የሚቀናው። እኔ የሆሳዕና ልጅ ነኝ፤ አል ዑለያ ላለ ልብስ ማጠቢያ ቤት በመኪና ልብስ አመላልሳለሁ። አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር።

አርብ የኛ ቀን ነበረች። እነሱ ከጁምዓ ይመለሳሉ። እኔ ደግሞ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ከምንዘምርበት የሰው ሳሎን እመለሳለሁ። ምሳ ይበላል፣ አንዳንድ ጠርሙስ ይከፈታል፣ ከዚያ መግሪብ እስኪያዛን ወሬ ነው። የኮምቦልቻ ሰርግ፣ የይመር ካፊል፣ የአሠሪው ማለቴ ነው፣ ጠባይ፣ የሆሳዕና ዝናብ፣ ያላነሳነው ምን አለ? ዛሬ ሳስበው በዚህ አገር ያፈራሁት ሀብት እነዚያ አርቦች ናቸው።

ወደ ቢራው ልመለስ። ከእነሱ ጋር ቤት የገባሁ ሰሞን ይመር ሦስት ዓይነት ጠርሙስ ገዝቶ ጠበቀኝ። «አንተ ክርስቲያን ነህ፣ ዋናውን ታውቀዋለህ። ከነዚህ የትኛዋ ናት የምትቀርበው? ሀራም የሆነብን ነገር ምን ምን እንደሚል በሀላሉ ልወቀው» አለኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ የወንጌላዊ ልጅ ነኝ። ቤታችን ቢራ ቀርቶ የጌሾ ሽታ አልፎበት አያውቅም። ቢራ የማውቀው በመንገድ ዳር ማስታወቂያ ነው። ታዲያ «አላውቅም» ማለት ምን ይከብዳል? ይከብዳል እንጂ። አዲስ ገቢ ነኝ። አረብኛ አላውቅም፣ መንገዱን አላውቅም፣ የሻወሩን ሙቅ ውሃ ማስመጣት እንኳ አላውቅም። እዚህ አገር ከገባሁ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው «አንተ ታውቃለህ» አለኝ። እንዴት አድርጌ ልመልሰው?

ሦስቱንም ቀመስኩ። ዓይኔን ጨፈን አደረግኩ። አባቴ ሲሰብክ «የመጠጥ መጨረሻው መራራ ነው» ይል ነበርና፣ ከሦስቱ በጣም የመረረችኝን ቡኒ ጠርሙስ አነሳሁ። «ይህቺ ናት። ለዋናው እህቱ በሏት» አልኩ። ሰይድ ጢሙን ዳበሰና «እሱ ካለ እሱ ነው» አለ። በቃ፣ ቡኒዋ የቤታችን ቢራ ሆነች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ትንሽ ቆይቶ ይመር ጴንጤ መሆኔን ደረሰበት። ጴንጤ አይጠጣም አይደል እንዴ ብሎ አፋጠጠኝ። ጌታን ከማግኘቴ በፊት ነው አልኩት። እኛ ዘንድ ምስክርነት የሚባል ነገር አለ፤ ሰው ተነስቶ ከምን ዓይነት ኑሮ እንደወጣ ይናገራል። እኔ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ከመዘምራን መሃል ወጥቼ ስለማላውቅ የሚነገር ታሪክ አልነበረኝም። ሌሎቹ ሲመሰክሩ ቅናት ያንገበግበኝ ነበር። ያን ቀን ቅናቴን ተወጣሁት። የለየልኝ ሰካራም ነበርኩ አልኩ። ቦይ ውስጥ ወድቄ ማደሬን፣ አንድ እግር ጫማዬን ውሻ ይዞት መሄዱን ተረክሁ። ይመር ቦዩን ወደደው። በየአርቡ «እስኪ ያቺን የቦይዋን» ይለኛል። እኔም በየአርቡ ቦዩን ትንሽ ጠለቅ አደርገዋለሁ።

የሚገርማችሁ ቡኒዋን አልወዳትም ነበር። አንድ ቀን አል ዐዚዚያ መጋረጃ ላደርስ ሄጄ፣ የቤቱ ማዳም ላቤን አይታ አንድ ቀዝቃዛ የፖም ጠርሙስ ሰጠችኝ። እዚያው በር ላይ ቆሜ ጨለጥኩት። ከዚያ ወዲያ እኔ ሌላ ሰው ሆንኩ። ሥራ ላይ ብቻዬን ስሆን ፖም፣ ቤት ስገባ ቡኒዋ። ባዶ ጠርሙሱን ይመር መኪናዬ ውስጥ እንዳያገኘው ባሕሩ ዳር ወስጄ እጥለዋለሁ። ሰው ውስኪ ደብቆ ይጠጣል፤ እኔ የፖም መጠጥ ደብቄ እጠጣ ነበር።

ባለፈው ዓመት ሁለት ነገር በአንድ ሳምንት መጣብን። መጀመሪያ ባለ ባቃላው ህንድ ባዶውን መደርደሪያ እያሳየ «ኸላስ፣ ማፊ» አለን። ቡኒዋ አትመጣም። ሁለተኛው የባሰ ነበር። የሰይድ ኹሩጅ ወጣ፤ ላይመለስ የሚሄድበት የመውጫ ወረቀት። ማክሰኞ ይበራል ተባለ። ይመር ሐሳብ አመጣ፤ ሰይድ ሳይሄድ አዲሷን ምረጥልን፣ በመጨረሻዋ አርብ አብረን እንጠጣት አለኝ።

ሰይድ ለእኔ ምን እንደሆነ ካልነገርኳችሁ ጭንቀቴ አይገባችሁም። በመጣሁ በአምስተኛው ወር ትርፍ አንጀት ታምሜ ሆስፒታል ገባሁ። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ፣ ነርሷ በአረብኛ ያናግሩኛል፤ እኔ በሀድይሳ አቃስታለሁ። ሰይድ ሥራውን ትቶ ሦስት ቀን አልጋዬ አጠገብ ተቀመጠ። በሁለተኛው ቀን ቤት ሄዶ መጽሐፍ ቅዱሴን በንጹሕ ፎጣ ጠቅልሎ አመጣና ትራሴ ሥር አኖረልኝ።  እንዲህ ያለውን ሰው እየዋሸሁት አገሩ ይግባ? ወይስ በመጨረሻዋ ቀን «ሰባት ዓመት አሞኝቼሃለሁ» ብዬው ተቀይሞኝ ይሂድ? እንዲህ ነው ምግብ አልበላ ያለኝ።

አርብ ደረሰ። ሦስት አዳዲስ ጠርሙሶች ቀረቡ። አንደኛዋን ቀመስኩ። ሁለተኛዋን ቀመስኩ። ይመር አፌን አፌን ያያል። ሰይድ በገመድ የታሰረ ሻንጣው ላይ ተደግፏል። ያንን ሻንጣ ሳይ ብርጭቆውን አስቀመጥኩት።

«እኔ ቢራ ጠጥቼ አላውቅም» አልኩ። «ከተወለድኩ ጠጥቼ አላውቅም። ቡኒዋን የመረጥኳት ስለመረረችኝ ነው። ሰይድ፣ አፉ በለኝ።»

 መጀመሪያ የተናገረው ይመር ነው።

«ቦዩስ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ቦዩም የለም።»

«ውሻውስ?»

«ውሻውም የለም።»

ያኔ ፊቱን ብታዩት የዘመድ መርዶ የተረዳ ነው የሚመስለው። ሰይድ ግን ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቀ ነው።

«አብሽር አንተ ልጅ። እሷ ለዋናው እንደማትቀርብማ የዚያኑ ቀን አውቄያለሁ» አለ።

በምን አወቅህ አልነው። በወጣትነቱ የከባድ መኪና ረዳት ነበር። በጅቡቲ መንገድ፣ ሚሌ ላይ፣ በዚያ ሐሩር ያልጠጣው እንደሌለ አጫወተን። ኋላ ትዳር ሲይዝ ተውበት አድርጎ እርግፍ አድርጎ ተወው። «ያኔ ይቺ አትቀርብም ብል፣ ይመር በምን አወቅህ አይለኝም? አላህ የሸፈነልኝን እኔ ልግለጠው? ደግሞ አንተን በገባህ ሳምንት ማሳፈር ደግ አልመሰለኝም» አለ።

አያችሁልኝ? የሚያውቀው እንደማያውቅ፣ የማያውቀው እንደሚያውቅ ሆነን ሰባት ዓመት ተቀመጥን። ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ፤ እኛ የቀረብን ፖም ነው። ለመሆኑ ትወዳት ነበር ወይ ብዬ ሰይድን ጠየቅሁት። «ወላሂ ኮሶ ናት» አለ። ይመር ደግሞ ኩርፍ ብሎ፣ እሱም ሲቀፈው እንደኖረ፣ የሚጠጣው ሊቃውንቱን አምኖ እንደሆነ ተናገረ።

ሰይድ መረቀን። ከእንግዲህ ሁሉም የወደደውን ይጠጣ፣ አላህ ያፋቅራችሁ አለን። ማክሰኞ ደማም አውሮፕላን ማረፊያ ሸኘነው። በሩ ላይ አቅፎኝ ቆየ። አለቀስኩ፣ ምን ይደረጋል። ግን ልቤን ቀለል ብሎኝ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እያልኩ ነው መኪናዬን የነዳሁት። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ለልጆች የሚነገር ጥሩ ምክር ይወጣው ነበር።

በሚቀጥለው አርብ ነፃ ሰዎች ሆንን። እኔ ፖሜን በአደባባይ ገዛሁ። ይመር የሮማኑን ገዛ። ምሳ በላን፣ ከፈትን፣ ግጥም አድርገን ጠጣን። አስር ደቂቃ አልሞላም። ይመር ስልኩን አወጣ፣ እኔም ስልኬን አወጣሁ። አስር ሰዓት ሳይሞላ ሁለታችንም ተኝተናል። ቀጣዩም አርብ እንዲሁ። ሰይድ ስለሌለ ነው አልን። እውነት ነው፣ ቤቱ ጎደለ። ግን እሱ ብቻ አልነበረም።

በአራተኛው አርብ ገባኝ። ቡኒዋን አንድ ጠርሙስ ለመጨረስ ግማሽ ቀን ይፈጅብን ነበር። ማናችንም መዋጥ አንፈልግም። አንዴ ከተጎነጨን በኋላ ሁለተኛውን ለማዘግየት ጨዋታ እናመጣለን። ጨዋታው ሲያልቅ ሌላ ጨዋታ። ሰውን ጣፋጭ ከሰጡት ጠጥቶ ይነሳል፤ የሚያጣብቀው መራራው ነው።

ይመርን ይዤ ባቃላ ወረድኩ። ባለ ሱቁን በተሰባበረ አረብኛዬ፣ እዚህ ካሉት ሰው የማይወዳት የትኛዋ ናት አልኩት። ሰውየው ግራ ተጋባ። ጤንነቴን የተጠራጠረ ይመስለኛል። የሚሸጡትን እየጠቆመ ሊያግባባኝ ሞከረ፣ እንቢ አልኩ። ሲቸግረው ጎንበስ ብሎ ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የለበሰች ግራጫ ጠርሙስ አወጣ። ይቺን አንዴ የገዛ ሁለተኛ አይገዛትም አለኝ።

ቤት ገብተን አቀዘቀዝናትና ከፈትናት። ይመር አንድ ጊዜ ተጎነጨ። ፊቱ ተጨማደደ፣ ብርጭቆውን ከራሱ አርቆ ወለሉ ላይ አስቀመጠው። «እኔ የምልህ፣ ሰይድ አሁን ምን እየሠራ ይሆን?» አለ።

ደወልንለት። መግሪብ ሲያዛን ጠርሙሷ ገና ግማሽ አልሆነችም። በማግስቱ ሁለት ካርቶን ገዛን።