ወደ ላቦራቶሪ ይዤው የሄድኩት ይቅርታ

እኛ ሰዎች በሽታን ሁለት ቦታ እንከፍለዋለን፤ የሚወራና የማይወራ ብለን። የሚወራው ከወገብ በላይ ያለው ነው። ራስ ምታት፣ ጨጓራ፣ ደም ብዛት፣ ስኳር። እነዚህን በቸርች አዳራሽ ምሳ ላይ እንደ ልጅ ምርቃት በኩራት እናወራቸዋለን። አንዱ "የእኔ ስኳር እኮ ሦስት መቶ ገባ!" ሲል፣ ሌላው ላለመበለጥ የራሱን አራት መቶ ያደርሰዋል። ከወገብ በታች ያለው ግን ሌላ አገር ነው፤ ስሙም አይነሳም። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" የሚለውን ተረት ያወጣነው እኛው ነን። ያወጣው ሰውዬ ራሱ የሆነ ነገር ደብቆ እንደነበር እጠረጥራለሁ።

እኔን እንኳ ተዉኝ፤ ያልታመምኩትን ሁሉ የማወራ ሰው ነኝ። አንድ ጊዜ ሳስነጥስ የጎረቤቴ መኪና አላርም ጮኸ ብዬ ምዬ ተገዝቼ አውርቻለሁ። (እውነቱ ለእናንተ ብቻ ይሁንና፣ የጮኸው ከማስነጠሴ በፊት ነበር።) ስለዚህ የምነግራችሁን እንደሚያውቁኝ ሰዎች ግማሹን ቀንሳችሁ ስሙት።

መኩሪያ የሚባል ወዳጅ ነበረኝ። ሁለታችንም የምንኖረው እዚህ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ሬይኖልድስበርግ ነው፤ የሁለት ምዕራፍ ያህል እንኳ የማይርቅ ጎረቤቴ ነበር፣ ማለት መዝሙረ ዳዊት ጀምሬ ሁለት ምዕራፍ ሳልጨርስ በእግር እደርሳለሁ። ዓይኔ ደክሞ መንዳት ካቆምኩ ወዲህ፣ አፐር አርሊንግተን ያለችው ልጄ ዘንድ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያደርሰኝ እሱ ነበር። የልጅ ልጆቼ በእንግሊዝኛ ያናግሩታል፣ እሱ በአማርኛ ይመልስላቸዋል፣ ይግባባሉ። እኔ ግን አስተርጓሚ ያስፈልገኛል።

መንገዱ ለሌላው ሰው የሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ለእኛም እንደዚያ ነበር። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ግን መኩሪያ አንድ አመል አወጣ። ያገኘው ጋዝ ስቴሽን ሁሉ ጋ ይቆማል።

"ጋዙ ሙሉ ነው እኮ፣ ምን ሆነሃል?" እለዋለሁ።

"ጎማውን ልየው ብዬ ነው።"

ጎማውን ለማየት ይወርድና ወደ ሱቁ ውስጥ ይገባል። ጎማው ውጭ ነው፣ እሱ ውስጥ። ጥቂት ቆይቶ ሲመለስ "ደህና ነው" ይለኛል፤ ጎማው ማለቱ ነው።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ትጠይቃላችሁ። እኔ ግን ስም አወጣሁለት። "ኢንስፔክተር መኩሪያ!" አልኩት። እሁድ ከአምልኮ በኋላ አዳራሹ ሙሉ ሕዝብ ፊት ተነስቼ፣ የኦሃዮ ግዛት መንግሥት መኩሪያን የጋዝ ስቴሽን መጸዳጃ ቤቶችን ሁሉ እንዲቆጣጠር እንደሾመው አበሰርኩ። በበጋ ከሬይኖልድስበርግ ተነስተን አፐር አርሊንግተን ስንገባ በረዶ ይጥል ነበር አልኩ። ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከሁሉም በላይ የሳቀው መኩሪያ ነው፤ ብድግ ብሎ እጅ ነሳ እንጂ! ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በሳምንቱ ሕፃናቱ ሳይቀሩ ኢንስፔክተር ይሉት ጀመር። እኔም ወሬዬ እንዲህ ሲያድግልኝ ደስ አለኝ።

ባለፈው መከር መኩሪያ ሞተ።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ሚስቱ እትዬ አስካለ ወደ ጥግ ጠራችኝ። "ጋሽ ደምሴ፣ ከእርስዎስ አልደብቅም" አለችኝ። "የፕሮስቴት ካንሰር ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያውቅ ነበር። ለጋሽ ደምሴ እንኳ ልንገራቸው ስለው፣ 'ተይ፣ በሽተኛ ከሚሉኝ ኢንስፔክተር ቢሉኝ ይሻለኛል' አለኝ። ቀልድዎ በጣም ረድቶታል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

ማጽናናቷ ነው። እንደ እሷ አድርጎ ያቆሰለኝ ሰው ግን የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ሰውዬው ልንገረው ባለ ቁጥር ቀልዴን በር ላይ አቁሜበት ኖሯል። አንድ ቅዳሜ እንኳ አፌን ብዘጋ ኖሮ ይነግረኝ ነበር ብዬ አስባለሁ። ላይነግረኝም ይችል ነበር። ይህን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የለም።

እትዬ አስካለ ስትጨርስ አንድ ነገር ጨመረችልኝ። "ከገላው ቆርጠው የወሰዱትን ለምርምር ይሁን ብሎ ፈርሞላቸዋል፤ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ።"

እዚሁ ዩኒቨርሲቲ የእህቴ ልጅ ዶክተር ቤዛ ትሠራለች። ቤዛ ሳይንቲስት ናት። ምን እንደምታጠና ቤተሰቡ ለዓመታት በደንብ አያውቅም ነበር። "ካንሰር" ትላለች፤ "የምኑ?" ሲሏት "የወንዶች" ትላለች፤ ያን ጊዜ ወንዶቹ ሁሉ አንገታችንን ደፍተን ሳህናችንን እናያለን። የማውቀው እሁድ ምሳ ላይ "ሴሎቼን ላበላ" ብላ ከመሃል እንደምትነሳ ብቻ ነው። እናቷ ደግሞ "ሰውስ መቼ ታበያለሽ?" ትላታለች፤ ባል አላገባችም ለማለት።

በማግሥቱ ኮል አደረግኩላት።

"ቤዚዬ፣ መኩሪያ አንቺ ጋ ነው?"

"ጋሼ፣ እኛ ጋ ስም የለም። ሳምፕሉ የሚመጣው በቁጥር ነው። ማን የማን እንደሆነ አላውቅም፣ ማወቅም አይፈቀድልኝም።"

"ግን ሊኖር ይችላል?"

"ሊኖር ይችላል። ሳህን ላይ ስናሳድገው ግን አብዛኛው አይይዝልንም፤ ትንሽ ቆይቶ ይሞታል።"

"መኩሪያ ግትር ነው፣ ይይዛል" አልኳት። "አሳዪኝ።"

የአንድ ወር ልመና ፈጀብኝ። (ሦስት ቀን ነው።) አስፈቅዳ ቅዳሜ መጥታ ወሰደችኝ። ዩኒቨርሲቲው ልጄ ቤት ሳይደረስ ስለሆነ፣ ያው የድሮው መንገድ ነው። እያንዳንዱን ጋዝ ስቴሽን ስናልፍ አንገቴ ሳላዘው ይዞራል፤ ቤዛ ግን አንዱም ጋ አልቆመችም። በሃያ ደቂቃ ደረስን። ያ ሁሉ መንገድ ለካ እንዲህ አጭር ነው! ከመኩሪያ ጋር አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅልኝ የነበረው መንገድ ምን ያህል ጸጋ እንደነበር ያን ዕለት ገባኝ።

ነጭ ጋዋን አለበሰችኝ፣ መነጽሬ ላይ ሌላ መነጽር ደረበችልኝ፣ "ጋሼ፣ ምንም እንዳይነኩ" አለችኝ። ፍሪጅ የሚመስል ሳጥን ከፈተች፤ ውስጡ ግን እንደ ሰው ገላ ይሞቃል። ሮዝ ቀለም ያለው ውኃ ያለበት ትንሽ ሳህን አወጣችና ማይክሮስኮፑ ሥር አስቀመጠችው።

"እነዚህ ሴሎች የሚያድጉት በወንድ ሆርሞን ነው" አለች። "ውስጣቸው ተቀባይ የሚባል ነገር አለ፤ እንደ መልእክተኛ ያስቡት። ሆርሞኑ ሲመጣለት ወደ ሴሉ እምብርት ይሮጥና 'እደጉ፣ ተባዙ' የሚለውን ትእዛዝ ያደርሳል። መድኃኒቱ ሆርሞኑን ያደርቅበታል። መልእክተኛው ሥራ ይፈታል፣ ዕጢው ይሟሽሻል። ከጊዜ በኋላ ግን አንዳንዱ ቅርጹን ይለውጥና ማንም ሳይልከው መሮጥ ይጀምራል። እኔ የማጠናው እሱን ነው፤ ሳይላክ የሚሮጠውን።"

"እኔን በይኛ!" አልኳት። ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። መጀመሪያ የራሴን ሽፋሽፍት ብቻ አየሁ። በኋላ ጠራልኝ። ክብ ክብ፣ ብርሃን የሚያስተላልፉ፣ እንደ ሳሙና አረፋ የተጠጋጉ ነገሮች። ውብ ነበሩ፣ ምን ልዋሻችሁ።

"መኩሪያ ከሆነ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ጋሼ" አለችኝ ቤዛ ቀስ ብላ፣ "የእሳቸው ቢሆን እንኳ፣ እዚህ ያለው እሳቸው አይደሉም። በሽታው ነው።"

ወዳጄ የለም፤ የገደለው ግን ተመችቶት፣ ሙቀት ተሰጥቶት፣ በቀጠሮ እየበላ ይኖራል።

"ሳቁስ? እሱን አታሳድጉም?"

"እሱን የቻለ እስካሁን የለም።"

"እስቲ ትንሽ ራቅ በይልኝ" አልኳት። ራቅ አለች። ምራቄ ሳህኑ ላይ እንዳይረጭ አፌን በእጄ ከልዬ፣ "መኩሪያ" አልኩ። "ጎማውን ልየው ስትለኝ ወይ ማመን፣ ወይ አለማመን ነበረብኝ። መሳቅ ግን አልነበረብኝም። ይቅር በለኝ።"



ከዚያ አንድ ነገር ታየኝ። ይህ የእሱ ካልሆነስ? የማላውቀው ሰው፣ ምናልባት እዚሁ ከተማ የኢስትሙር ሰፈር ነዋሪ፣ በማያውቀው ቋንቋ ይቅርታ ተጠየቀ ማለት ነው። እሱም የሚያሾፍበት ወዳጅ ነበረው ይሆናል። ያ ወዳጁ ደግሞ ዛሬ የት ሄጄ ምን ልበል እያለ ይሆናል።

ቤዛ ሳህኑን ወደ ሙቀቱ እየመለሰች፣ "ሰኞ ለየብቻ ከፋፍዬ ወደ ሌላ ሳህን አዛውራቸዋለሁ፤ ሳህኑ ጠቧቸዋል" አለችኝ።

"ስታዛውሪያቸው ሰላም በይልኝ።"

"ማንን ልበል ጋሼ? ስም እኮ የላቸውም።"

"ሁሉንም በይልኛ።"

እንደ ሳይንቲስት መቆጣት ነበረባት። እንደ እህቴ ልጅ "እሺ፣ እላለሁ" አለችኝና የሳጥኑን በር ቀስ ብላ ዘጋችው።

ሰላምታስ ለማንም ቢደርስ ክፋት የለውም። ይቅርታ ግን፣ ባለቤቱን ካላገኘ፣ ተመልሶ ላኪው ቤት የሚቀመጥ ይመስለኛል። እኔ ጋ ተቀምጧል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይብስበታል።