ሽማግሌዎቼ ኲሓ ላይ የተሳሳቱ ለት

«ከተማ ይደግ» የሚል ሰው በዚያ ከተማ ሽማግሌ ልኮ አያውቅም። ልጅ እንኳ ሲያድግ ይድሃል፣ ይወድቃል፣ ጊዜ ይሰጣል። ኲሓ ግን አልዳኸችም። ከደብረ ብርሃን በአስተማሪነት ተመድቤ ስመጣ የራሷ ማዘጋጃ ቤት ያላት፣ የመቀሌ ሰው ነፋስ ለመቀበል ብቅ የሚልባት ጸጥ ያለች ከተማ ነበረች። ጥቂት ዓመት ሳይሞላ ከአውሮፕላን የወረደው መንገደኛም፣ ሲሚንቶ የጫነው መኪናም፣ አውቶቡሱም እሷው ላይ ተራገፈ። ሱቅ በሱቅ፣ መጋዘን በመጋዘን ሆነች። ቁጭ ያለ ሰው ካያችሁ ጎማው የፈነዳበት ነው።

እኔም እዚያው የምታስተምር ለታይ የምትባል ልጅ ወደድኩ። እሷም አልጠላችኝም። አባቷ ሞተው ከእናቷ ጋር ነው የምትኖረው። እንግዲህ መቀሌ ያሉትን አከራዬን አቦይ ሐጎስንና የትምህርት ቤታችንን ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ጋሽ ታደሰን ለመንኩና እሁድ ጠዋት ላክኋቸው። ከወፍጮ ቤቱ አልፎ ሦስተኛው ሰማያዊ በር አልኳቸው። ከመንገዱ ማዶ ሁለተኛ ወፍጮ ቤት መከፈቱን፣ ቀለም ሻጩም ያንን ሰሞን ሰማያዊ ብቻ ማምጣቱን እኔ በምን አውቄ?

ቀትር ላይ ፊታቸው በርቶ ተመለሱ። በክብር እንደተቀበሏቸው፣ ስዋ የሚሉት ጠላ እንደተቀዳላቸው፣ መልሱ ለማክሰኞ እንደተቀጠረ ነገሩኝ። የልጅቷን ስም በመጀመሪያ ቀን መጥራት ነውር ስለሆነ «ልጅዎን ለልጃችን» ብቻ ብለው ነበር። ጋሽ ታደሰ የአባትየውን ጨዋነት አንስተው አልጠግብ አሉ።

«የለታይ አባት ከሞቱ ስድስት ዓመታቸው ነው» አልኩ።

«ታዲያ ስዋውን ያጠጡን ማን ናቸው?» አሉ አቦይ ሐጎስ።

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ እኔ ግን ሳልቸኩል ነው የፈሰሰብኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም። ሰኞ በማለዳ ከማላውቀው ሰማያዊ በር ፊት ቆምኩ። የቤቱ ጌታ መለዋወጫ ሻጭ ናቸው። አስቀመጡኝ። እየተንተባተብኩ ስሕተቱን ነግሬ ይቅርታ ጠየቅሁ። ሰውየው በሐዘኔታ አዩኝ።

«አይዞህ ወደይ፣ አይዞህ ልጄ» አሉኝ። «ለልጃችን ማታውኑ ነግረናት ነበር። አስተማሪ ነው ስንላት እንቢ ብላለች።»

ተመስገን ብዬ መውጣት ነበረብኝ አይደል? ወግ ነውና ከፋኝ። ጭራሽ ለምን እንቢ እንዳለች ጠየቅኋቸው! ልጅቷ መኪና ያለው እንደምትፈልግ፣ ግን ሞተር ሳይክልም ቢሆን እንደማትጨክን በትሕትና አስረዱኝ።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቼን ራሴው እየመራሁ ትክክለኛው በር አደረስኳቸውና ከአጥሩ ውጭ ቀረሁ። ኲሓ ላይ መኪና ይበላሻል እንጂ ወሬ አይበላሽም። የለታይ እናት ከሰላምታው ቀጥለው፣ ማዶ ቤት እንቢ የተባለውን ልጅ ነው ወይ ያመጣችሁልን ብለው ጠየቁ። እኔ ጆሮዬን አጥሩ ላይ ለጠፍኩ።

ያን ጊዜ ከጓዳ የለታይ ድምፅ መጣ፦

«ኣደይ፣ እሺ በያቸው። ሌላ ቤት ገብተው ደግሞ እንቢ ሳይባልብኝ።»