ማኅተም ያለው ቫይረስ

ኮምፒውተርን የሚያበላሸው ቫይረስ ነው ያለው ማነው? ኮምፒውተርን የሚያበላሸው ኃላፊ ነው! ቫይረስማ ምስኪን ነው፤ በር ላይ ቆሞ «ልግባ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ከወንበሩ ብድግ ብሎ «ኧረ ይግቡ! ቤት ለእንግዳ!» የሚለው ኃላፊው ነው። «ይቺ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ደግሞ ምን ታውቅና ነው?» አላችሁ አይደል? ቆዩኝማ... ሰምታችሁ ፍረዱ።

አባዬ እዚህ ላሊበላ አስጎብኚ ነው። አስጎብኚዎቹ ማኅበር አላቸው፤ ማኅበሩ ደግሞ ተራ አለው። እንግዳ ሲመጣ ተራው የደረሰው አስጎብኚ ቡድኑን ይረከባል፤ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን ያሳያል፣ አሸተን ማርያም ያወጣል፣ ይምርሐነ ክርስቶስ ያደርሳል። ከዚያ ስሙ ወደ መጨረሻ ይወርድና እንደገና መጠበቅ ነው። ድሮ ጥበቃው የቀናት ነበር አሉ። እንግዳ እንደ ሐምሌ ፀሐይ ብልጭ ብሎ በሚጠፋበት በዚህ ጊዜ ግን ተራ ማለት... ምን ልበላችሁ... የቤታችን ምሰሶ ማለት ነው። ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት «ነገ ከውጭ ትልቅ ቡድን ይገባል» ሲባል፣ አባዬ ጫማውን ሁለቴ ቀባና ጠራኝ።

«ነይ ቢሮ እንሂድ። ተራው የኔ ነው፤ ግን አንቺ በዓይንሽ አይተሽ ንገሪኝ። እኔ ያቺን ኮምፒውተር አላምናትም።»

ዝርዝሩ ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ብቻ ነው። ቀድሞ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጻፍ ነበር፤ «ዘመናዊ አሠራር!» ብለው ሰሌዳውን ያስነቀሉት የማኅበሩ ጸሐፊ ጋሼ ፈንታው ናቸው። ጋሼ ፈንታው ማለት የኮምፒውተር ሥልጠና ምስክር ወረቀታቸውን በመስታወት አስገብተው ግድግዳ ላይ የሰቀሉ፣ በአንድ ጣት የሚጽፉ፣ ያቺም ጣት ፊደል ፍለጋ ወጥታ ቶሎ የማትመለስላቸው ሰው ናቸው። የጽሑፍ ፕሮግራሙ «ማሻሻያ መጥቷል፤ ቀዳዳዬን ድፈኑልኝ» ብሎ በለመናቸው ቁጥር «በኋላ» የምትለዋን ይጫናሉ። «በኋላ»... «በኋላ»... «በኋላ»... ሁለት ዓመት ሙሉ! ጣሪያው የሚያፈስበት ሰው እንኳ ሰኔ ሲገባ ይደነግጣል እኮ!

ስንደርስ ጋሼ ፈንታው ከማያውቁት ሰው በኢሜይል የመጣ ሰነድ ከፍተው ዓይናቸውን አጥብበዋል። ጽሑፉ ጭጋግ የለበሰ ነው። ጥርት ብሎ የሚታየው አንድ ነገር ብቻ፦ ግርጌው ላይ ያረፈ ክብ፣ ወይን ጠጅ፣ ዓይን የሚስብ ማኅተም! አናቱ ላይ ደግሞ «ደብዳቤውን አጥርተው ለማንበብ ‹ኢኔብል ኮንተንት› (ይዘቱን ፍቀድ) የሚለውን ይጫኑ» ይላል። ከዚያ በላይ፣ ፕሮግራሙ ራሱ የዘረጋው ቢጫ ማስጠንቀቂያ አለ፤ «ይህ ሰነድ ማክሮ አለበት፤ አደገኛ ሊሆን ይችላል» የሚል።

ማክሮን ለማታውቁት ልንገራችሁ። በሰነድ ሆድ ውስጥ ተደብቆ የሚመጣ የትእዛዝ ጽሑፍ ነው። ተኝቶ ደብዳቤ ይመስላል፤ ሲፈቀድለት ግን ተነስቶ ሥራ ይጀምራል፤ ፋይል ይከፍታል፣ ይሰርዛል፣ ከኢንተርኔት ላይ ዘመድ አዝማዱን ይጠራል። ለደግ ሥራ የሚጽፉት አሉ። ከማታውቁት ሰው የመጣውን ግን፣ ጆንያ ውስጥ ሆኖ በሸክም ጎተራ የገባ ሌባ በሉት።

«ጋሼ፣ እንዳይጫኑት!» አልኩ።

«ለምን?»

«ላኪውን ያውቁታል?»

«አላውቀውም። ግን ማኅተም አለው።»

«ሥዕል ነው እኮ ጋሼ! ይህንንማ እኔም ድንች ቆርጬ አትምልዎታለሁ!»

«አንቺ ልጅ! ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ሳይነበብ የሚያድርበት ቢሮ የት አይተሽ ታውቂያለሽ? ኃላፊነት አለብኝ!»

«ፈንታው፣ ኧረ ልጂቱን ስማት» አለ አባዬ።

«ሲሳይ፣ አንተ ቤተ ክርስቲያኑን አስጎብኝ። ኮምፒውተሩን ለኔ ተወው።»

ጠቅ!

እኛ ዘንድ እውነት ያለ ማኅተም ከመጣ ከበር ይመለሳል፤ ውሸት ማኅተም አስመትቶ ከመጣ ወንበር ይሳብለታል። ሰነዱን የላኩት ወንበዴዎች ይህን እንዴት እንዳወቁብን እንጃ... ምናልባት እነሱም አንድ ጊዜ ጉዳይ ለማስፈጸም እዚህ ተመላልሰው ይሆናል!

ደብዳቤው አልጠራም። የፋይሎቹ ስም ግን ዓይናችን እያየ አንድ በአንድ ተለዋወጠ። የተራ ዝርዝሩም አብሮ ሄደ። ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረና የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቅ አለ። ተረጎምኩላቸው፦ «ፋይሎቻችሁን ቆልፈናል። ቁልፉን ከፈለጋችሁ ገንዘብ ላኩ።»

ጋሼ ፈንታው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች፣ ከግራ እስከ ቀኝ መረመሩና...

«ይሄኛው ማኅተም የለውም። አንቀበለውም!»

እኔ የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀልኩት። «ምን ታደርጊያለሽ?» ብለው ተቆጡ። በሽታው በገመዱ አድርጎ የጎረቤቱን ቢሮ ኮምፒውተር እንዳይዝ ነው ብላቸው፣ «እነሱማ ይያዛቸው» አሉኝ። ይህንን ሲሉ ማንም አልሰማቸውም ብለው ነው... ይኸው እናንተ ሰማችሁ!

ላሊበላ ውስጥ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቢሮው በአስጎብኚ ጢም አለ። ተራው መጥፋቱን የሰማ ሰው ያዝናል ብላችሁ ነበር? የምን ኀዘን! ሁሉም አንደኛ ሆነ!

«ላሊበላን! ተራው የኔ ነው!» አሉ ጋሼ ሞላ፣ የአባዬ የልብ ጓደኛ፣ በተራ ቀን ደግሞ ባላንጣው። «ይኸውላችሁ የዝርዝሩ ፎቶ!»

«ኧረግ! ይሄማ የጥምቀት ሰሞን ፎቶ ነው!» አለ አንዱ። «የዛሬው የኔ ነው፣ እዩት!»

ለካ አስጎብኚው ሁሉ በስልኩ የዝርዝሩን መጠባበቂያ ቅጂ ይዟል! ችግሩ እያንዳንዱ ያነሳው እሱ አንደኛ የሆነበትን ቀን ብቻ መሆኑ ነው። በዚያ ሁሉ ስልክ ውስጥ ሁለተኛ የወጣ ሰው የለም። አባዬም የራሱን አወጣ። አንደኛ ነው። ቀኑ ላይ ግን አውራ ጣቱን አሳርፏል። እኔም የሌላውን ሁሉ ፎቶ ቀኑን እየመረመርኩ ሳጣጥል ቆይቼ፣ አባዬ ጋ ስደርስ «ይኸው! ግልጽ አይደለም?» ብዬ ጮኽኩ። ምን ላድርግ፣ አባት ነዋ!

ነገሩ ሊካረር ሲል አባዬ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ወንድሞቼ፣ መጣላት አይገባንም። አባቶቻችን እንደሚያደርጉት ዕጣ እንጣል!» ሁሉም ተስማማ። አንዱ ወረቀት መቅደድ ጀመረ። ይሄኔ ነው አፌ የተከፈተው።

«መጠባበቂያ አለ እኮ!»

አባዬ ዞር ብሎ አየኝ። እኔ ግን የደስታዬ ብዛት! መምህርት ሰናይት፣ የትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር መምህርት፣ የተማሪዎች ክበባችን ማኅበሩን እንዲያግዝ አዝዛለች። እኔ በየቅዳሜው የማኅበሩን ፋይሎች በተለየ ዲስክ ላይ እገለብጣለሁ፤ ዲስኩ ተነቅሎ ብቻውን ይቀመጣል። ተሰክቶ የሚውል መጠባበቂያ ከባለቤቱ ጋር አብሮ ይታመማላ! የሰው ፋይል ማንበብ ነውር ስለሆነ አላነበብኩትም። ከቅዳሜ ወዲህ ደግሞ እንግዳ ስላልመጣ ተራው ንቅንቅ አላለም።

«የታለ ዲስኩ?» አሉ ጋሼ ሞላ።

ጋሼ ፈንታው ከተሸሸጉበት ወንበር ቀና አሉ። «ካዝናዬ ውስጥ። ግን ንብረት ነው። ንብረት ያለ ደብዳቤ አይወጣም።»

«ማን ይጻፈው?»

«ጸሐፊው ነዋ። እኔ።»

«ለማን?»

«ለንብረት ክፍል።»

«ንብረት ክፍሉስ ማነው?»

«እሱም እኔው ነኝ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ያያችሁት ግን ከኛ በቀር የለም። ጋሼ ፈንታው ለጋሼ ፈንታው በእጃቸው ጻፉ፣ ፈረሙ፣ ማኅተም መቱ። ከዚያ ጠረጴዛውን ዞረው ከወዲያ በኩል ተቀመጡና ተቀበሉት፤ አነበቡት። (የጻፉትን ረስተው ይመስለኛል።) ፈቀዱም።

ዲስኩን ይዘው ወዴት ቢሄዱ ጥሩ ነው? በቀጥታ ወደ ታመመው ኮምፒውተር! ሊሰኩት!

እመብርሃን ይቅር ትበለኝ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የታላቅ ሰው እጅጌ ጎተትኩ። «ጋሼ! ይሄም ይቆለፋል! ከዚያ በኋላ ማን ይድረስልን?» አባዬ ቀስ ብሎ፣ ለሰው በማይሰማ ድምፅ፣ «ተዪያቸው፣ እሳቸው ያውቃሉ» አለኝ። በትሕትናው ኮራሁ።

ትምህርት ቤት ድረስ ቁልቁለቱን በሰልፍ ወረድን። መምህርት ሰናይት ንጹሕ ኮምፒውተሯን እያስነሳች ጋሼ ፈንታውን በትሕትና ወጋቻቸው።

«ጋሼ፣ ያኛው ኮምፒውተር ሙልጭ ብሎ ተጠርጎ ፕሮግራሙ እንደ አዲስ ይጫናል። ከውጭ የሚመጣ ሰነድ ማክሮው ከነጭራሹ እንዳይሠራ ከሥሩ እዘጋልዎታለሁ። ላኪውን ካላወቁት ስልክ ይደውሉ። ‹በኋላ› የምትለዋንም ከእንግዲህ አይንኳት። አንዳንድ ሰነድ እኮ ምንም ሳይጫኑለት፣ ስለተከፈተ ብቻ ባልተደፈነው ቀዳዳ ይገባል።»

«ስለተከፈተ ብቻ?» ጋሼ ፈንታው ፊታቸው በራ። «ታዲያ ብጫነው ባልጫነው ምን ለውጥ አለው? እኔ ምን አጠፋሁ?»

«እርስዎማ ቀዳዳውንም ትተውለታል፣ በሩንም ከፍተውለታል።»

ዝርዝሩ ተከፈተ። እኔ ነኝ ጮክ ብዬ ያነበብኩት፤ ጉሮሮዬን ሁሉ ጠርጌ!

«አንደኛ... ሞላ።»

«ሁለተኛ...» እያልኩ ወረድኩ። ድምፄም አብሮኝ ወረደ። አባዬ ሰባተኛ ነው።

ጋሼ ሞላ ግንባሬን ሳሙኝ። «ተባረኪ የኔ ልጅ! ያባትሽን ወገን ሳትይዢ ሐቄን አወጣሽልኝ! እንዲህ ያለ ልጅ ይብዛ!» አሉ። ሁሉም መረቀኝ። ጋሼ ፈንታውም ደረታቸውን ነፍተው «የንብረት አያያዜ ነው ያዳናችሁ!» አሉና እጅ ጨበጡ። ሰዉም ጨበጣቸው! ታዩልኛላችሁ?

ወደ ቤት ስንመለስ አባዬ ከፊት ከፊት ይራመዳል። እኔ ግን የሚያስቆመኝ የለም። ገመዱን እንዴት እንደነቀልኩት፣ እጅጌውን እንዴት እንደጎተትኩት...

«አባዬ፣ እኔ ባልናገር ኖሮ እኮ ዕጣ ሊጣል ነበር!»

«አውቃለሁ።»

«በዕጣ ቢሆንማ ማንም ሊደርሰው... አንተም...»

ነገሩ እዚያው መሀል መንገድ ላይ ገባኝ። አባዬ ጥቂት ተራመደና ቆመ፤ ሁለቴ የተቀባውን ጫማውን አቧራ አራገፈ።

«ኮምፒውተሩን በአሥራ አንደኛ ክፍል አስተማሩሽ፤ ጎሽ፣ ጥሩ ነው» አለኝ። «ዝም ማለትን የሚያስተምሩት ግን ስንተኛ ክፍል ነው?»