ባዶ ሆድ የት ይገኛል?

አሶሳ ውስጥ ታሞ በባዶ ሆዱ ያረፈደ ሰው አይታችኋል? እኔ አላየሁም።

ትርፍ አንጀቴን ኦፕራሲዮን ተደርጌ ስወጣ፣ ሐኪሙ የቁስሉን እብጠት የሚቀንስ የኢንዛይም ክኒን ሰጠኝ። «በባዶ ሆድ ብቻ ነው የሚዋጠው፤ አደራ!» አለኝ። ምን ይከብዳል? ጠያቂ የሚባለውን ፍጡር ረስቼው ነው እንጂ!

ጎረቤቴ እማማ ሐዋ በማለዳ ገንፎ ይዘው ገቡ። ክኒኑን ሳሳያቸው ደነገጡ።

«በባዶ ሆድ? ጨጓራህን ሊልጠው ነው?» ብለው አጎረሱኝ።

እሳቸው ሲወጡ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ገቡ። ሦስት ቀን ሙሉ ክኒኑ በእጄ፣ ጉርሻው በአፌ ሆነ።

በአራተኛው ቀን በሬን ቆልፌ፣ ምንም ሳልቀምስ አርፍጄ፣ ክኒኑን ላነሳ ስል ተንኳኳ። ሐኪሙ ራሱ ሊጠይቀኝ መጥቷል፤ አንድ ፌስታል ማንጎ ይዟል።

«ሳትበላልኝማ አልሄድም!» አለኝ።