ተኩሰህ ና

[ኻርቱም፣ ሪያድ ሰፈር፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ። የአንድ ቪላ ጓሮ። የኒሙ ዛፍ ጥላ መሬቱ ላይ እንደ ዓሣ መረብ ተዘርግቷል። ሀብተሚካኤል የቪላው ዘበኛ ነው፤ ድሮ ደሴ ላይ አማርኛ ያስተምር ነበር። ጂብሪል እዚሁ ኻርቱም የተወለደ የወሎዬ ልጅ፣ ረክሻ የሚሉት ባጃጅ ነጂ ነው፤ አማርኛው ከቤት ደጃፍ ብዙም አልራቀም። ከዓስር ሶላት በኋላ ሉጥፊያን ለጋብቻ ሊጠይቅ አባቷ ዘንድ ይቀርባል። በሁለቱ መካከል አንድ ርካሽ የአየር ሽጉጥ፣ ግንቡ ላይ ደግሞ ባዶ የቲማቲም ጣሳ አለ። ጂብሪል የጢም ምላጭ ይዞ ቆሟል፤ ምን እንዳጠፋ አልገባውም።]

ሀብተሚካኤል: ምላጩን ሳብ ነው ያልኩህ። ምላጭ አምጣ አላልኩህም።

ጂብሪል: ሳላመጣው እንዴት ይሳባል፣ ኡስታዝ?

ሀብተሚካኤል: የሽጉጡን ምላጭ። ይኸው፣ ጣትህን የምታስገባበት።

ጂብሪል: ምላጭ ውስጥ ጣቴን?

ሀብተሚካኤል: በአማርኛ አንድ ቃል ሁለት ቤት ያድራል። ይህን ያላወቀ ሰው አማርኛ አውቃለሁ አይበል።

ጂብሪል: አላልኩም። ሉጥፊያን እወዳለሁ ነው ያልኩት። አባቷ ጋሽ ኑርሁሴን ዛሬ ካልተቀበሉኝ ለጂዳው ሙሐመድአወል ይሰጧታል።

ሀብተሚካኤል: ለዚህ አይደል የምለፋው። «ተኩሰህ ና» አሉህ፤ የድሮ ሰው ናቸው። ልጃቸውን የሚወስደው ሰው እጁ እንደማይንቀጠቀጥ ማወቅ ይፈልጋሉ። የተበሳውን ጣሳ ይዘህ ትሄዳለህ፤ ፊታቸው ታስቀምጣለህ፤ አለቀ።

ጂብሪል: እርስዎ ሲያገቡ ስንት ጣሳ በሱ?

ሀብተሚካኤል: እኔ በደብዳቤ ነው ያገባሁት። ወደ ሥራችን። እንግዲህ እጀታው እንዳያንሸራትት ጎማ ተጠቅልሎበታል። ማነጣጠሪያው ይወዛወዝ ነበር፤ በኮላ ተጣብቋል። ሞላው የሰሊጥ ዘይት ጠጥቷል። ይህ ከአሁን በኋላ ርካሽ ሽጉጥ አይባልም።

ጂብሪል: [አሽትቶ] ወላሂ፣ ፉል ፉል ይላል።

ሀብተሚካኤል: እርሳስ አቀብለኝ።

[ጂብሪል ወደ ረክሻው ሮጦ እርሳስ ይዞ ይመጣል፤ ጫፉን ቀርጾታል።]

ጂብሪል: ምን ሊጽፉ ነው?

ሀብተሚካኤል: ጥይቱን ነው ያልኩህ። ጥይት ከእርሳስ ነው የሚሠራ።

ጂብሪል: [እርሳሱን በአዲስ አክብሮት እያገላበጠ] ከዚህች?

ሀብተሚካኤል: ያ ሌላ እርሳስ ነው። ተወው፣ ራሴ አጎርሰዋለሁ። ቁም። እግርህን ከፈት። ክንድህን ቀጥ። ትንፋሽህን ግማሹን አስወጣና ግማሹን ያዝ። ምላጩን እንደ ቀማኛ አትንጠቅ፤ ቀስ ብለህ ጨመቅ።

[ጂብሪል ትንፋሹን ይይዛል። ጣሳው ላይ የሉጥፊያ ፊት ይታየዋል፤ እንዴት ብሎ ይተኩስባታል? ዓይኑን ጨፍኖ ይጨምቃል። ጡፍ።]

ጂብሪል: የት ሄደ?

ሀብተሚካኤል: ያውልህ። ጫማህ ፊት።

ጂብሪል: ትናንት ሳይታደስ ግንቡ ይደርስ ነበር።

ሀብተሚካኤል: ትናንት ዝም ብሎ ይሮጥ ነበር። አሁን እያሰበ ነው የሚሄደው።

ጂብሪል: አስቦ ነዋ የቀረው።

ሀብተሚካኤል: ወዲህ በለው። አስተማሪ ሲተኩስ እይ።

[ጡፍ። ጥይቱ ግንቡን ይመታና ይመለሳል። ቪላው ጣሪያ ላይ ያለው የቴሌቪዥን ሳህን ቃ ይላል። ጣሳው ንቅንቅ አላለም።]

ጂብሪል: ኡስታዝ፣ ሳህኑን መቱት።

ሀብተሚካኤል: ያነጣጠርኩትም እሱን ነው።

ጂብሪል: ሳህኑ እኮ ከኋላዎ ነው ያለው።

[ስልክ ይጮኻል። ሉጥፊያ ናት። ጂብሪል እጁን በጀላቢያው ይጠርግና ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጎ ያነሳል፤ ነጩ ጀላቢያ ላይ አምስት የዘይት ጣቶች ይቀራሉ።]

ሉጥፊያ: ወይነክ፣ ጂብሪል? የት ቀረህ? አባዬ በር በሩን እያየ ነው።

ጂብሪል: ገና አልተኮስኩም። ጣሳው እምቢ አለኝ።

ሉጥፊያ: የምን ጣሳ?

ጂብሪል: አባትሽ ተኩሰህ ና ብለውኝ የለ? ሽጉጡን ከኡስታዝ ጋር እያደስን ነው።

ሉጥፊያ: ባለፈው ስትመጣ ጀላቢያህ ላም አኝካ የተፋችው ይመስል ነበር። ለዚያ ነው እንዲህ ያለህ። መክዋ፣ ጂብሪል። ካውያ። ያላ፣ ቶሎ ና።

[ስልኩ ይዘጋል። ጂብሪል ጀላቢያውን ቁልቁል ያየዋል። ሀብተሚካኤል ሽጉጡን እንደ ታመመ ወፍ ቀስ አድርጎ መሬት ያስቀምጣል።]

ሀብተሚካኤል: ጥፋቱ የሰውየው ነው። ተኩሰህ ና ብቻ ተብሎ ይተዋል? «ልብስህን» የምትል አንዲት ቃል ቢጨምሩ ምን ነበረበት?

ጂብሪል: ጨምረዋል።

ሀብተሚካኤል: ምን?

ጂብሪል: «ልብስህን ተኩሰህ ና» ነው ያሉኝ። ልብሴን ለምን እተኩሰዋለሁ ብዬ ልጠይቅዎ ስጀምር፣ «ግሱን ብቻ ንገረኝ፤ የአማርኛ ምሥጢር ሁሉ ግሱ ላይ ነው» ብለው አቋረጡኝ።

[ሀብተሚካኤል ጠዋት ራሱ የተኮሰውን ነጭ ሸሚዝ ቁልፎች አንድ በአንድ መፍታት ይጀምራል። አውልቆ ለጂብሪል ይዘረጋለታል።]

ጂብሪል: እርስዎስ ምን ይለብሳሉ?

ሀብተሚካኤል: እኔን ግሱ ይበቃኛል።