በሁለት ነጥብ ወገዳ ላይ ኩም ያልኩበት ቀን

ወገኖቼ፣ ዛሬ በሁለት ነጥብ ተዋርጄ መጣሁ።

በጠብ አይደለም። በፍቅርም አይደለም። በነጥብ! ያቺ ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ የምትደረገዋ!

ቁጭ ብላችሁ አንብቡ። ቆማችሁ ከሳቃችሁ ትወድቃላችሁ፣ እኔ ደግሞ ለዛሬ የሚበቃኝን ያህል ጥፋት አጥፍቻለሁ።

ለማታውቁኝ፣ ሰብለ እባላለሁ። የምሠራው ንፋስ መውጫ ነው። መሥሪያ ቤታችን ለገበሬው የሚታደለውን ምርጥ ዘር የሚመዘግብ አፕ ይሠራል። ኮዱ ታዲያ እንዳለ ስልክ ላይ አይጫንም። የተበታተነውን ኮድ ሰብስቦ፣ አሳስሮ፣ የሚጫን አፕ አድርጎ የሚያወጣ ሌላ ፕሮግራም አለ። እኛ "ቢልድ ማድረግ" እንለዋለን።

ይሄ ፕሮግራም ግን ዝም ብሎ አይነሳላችሁም። ጠያቂ ነው! ኮዱ የት ነው ያለው? ለየትኛው ወረዳ ነው? ለምን ዓይነት ስልክ ነው? መልሱን አንድ ፋይል ላይ ቀድማችሁ ትሞሉለታላችሁ። እያንዳንዷ ጥያቄ ቫሪያብል ትባላለች። አርባ አንድ ናቸው።

የአርባ አንዱንም ማብራሪያ በአማርኛ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

እኔ! ብቻዬን! ሽፋኑ ላይ ስሜን በደማቁ አስገብቻለሁ።

አለቃችን ጋሽ ታረቀኝ "እንግሊዝኛው አለ አይደል እንዴ?" ሲሉኝ "ጋሼ፣ ሰው በሚገባው ቋንቋ ይጻፍለት!" ብዬ ተሟግቼ ነው ያስፈቀድኩት። አሁንም ቢሆን በዚህ አልደራደርም። ግን ጉራዬን እያያችሁልኝ ነው አይደል?

ወገዳ ላይ፣ ስማዳ ወረዳ፣ ይበልጣል የሚባል ባልደረባ አለን። ዲያቆን ነው፣ ቅዳሴ ያገለግላል። ኮምፒውተር ደግሞ በራሱ ጥረት የተማረ ሰው ነው። ኔትወርኩ ስለማያስተማምን ከንፋስ መውጫ አፑን መላክ አንችልም፤ እዚያው ወገዳ ተቀምጦ ቢልድ የሚያደርግ ሰው ያስፈልገናል። ይበልጣል ለዚህ ሥራ ስድስት ወር ሙሉ በሙከራ ላይ ቆይቷል።

ዛሬ ፈተናው ነበር።

የኔን ሰነድ ብቻ ይዞ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ አፑን ካወጣ ሥራው የሱ ነው። ካላወጣ ላፕቶፑን ይመልሳል፣ ከባህር ዳር ሌላ ሰው ይመጣል። አለቀ።

ጠዋት ከጋሽ ታረቀኝ ጋር በመሥሪያ ቤቱ መኪና ሄድን። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ለማታውቁት፣ ወገቤን እስካሁን እየፈለግኩት ነው።

ልክ ስንገባ ጋሽ ታረቀኝ ወደኔ ዞሩና "ሰብለ፣ አንቺ አፍሽን ይዘሽ ትቀመጫለሽ። ዛሬ የሚናገረው ሰነዱ ነው" አሉኝ።

አፌን ልይዝ! እኔ!

የሚያውቁኝ አሁን እየሳቁ ነው።

ክፍሉ ውስጥ ሁለት የግብርና ባለሙያዎችም ነበሩ። አፑን ሊያስጭኑ ታብሌታቸውን ይዘው መጥተዋል። በቃ፣ ታዳሚ ሞልቷል። ውርደት ደግሞ ታዳሚ ይወዳል።

ይበልጣል ሰነዱን ከፈተና ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ምንባብ እንደሚያሰማ ሰው! ቃል አይዘልም። ነጥብ አይዘልም። ያነባል፣ ይሞላል፣ መልሶ ያያል። እኔማ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ያጻጻፌን ማማር በሰው አፍ ስሰማው!

አንደኛዋ ሄደች። ሁለተኛዋ ሄደች። ሦስተኛዋም።

አራተኛዋ ላይ ደረሰ። "ፋይሎቹ ያሉባቸውን ፎልደሮች ስም በቅደም ተከተል ጻፉ። በመሃላቸው ሁለት ነጥብ አስገቡ። ምሳሌውን ከታች ይመልከቱ።" ምሳሌውን ተመለከተ። ከሰነዱ ኮፒ አድርጎ ለጠፈው። የፎልደሮቹን ስም በራሱ ፎልደሮች ስም ተካ። እንከን የለበትም።

እስከ አርባ አንደኛዋ ሞላና ኢንተር ተጫነ።

ቀይ!

"ፎልደሩ አልተገኘም" ይላል ማሽኑ። ፎልደሩ ግን አለ! እዚያው ስክሪኑ ላይ ቁጭ ብሎ ያየናል!

ይበልጣል መልሶ አነበበ። መልሶ ሞላ። ቀይ። አሁንም መልሶ ሞላ። ቀይ! ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ።

ጋሽ ታረቀኝ ማስታወሻ ደብተራቸውን አወጡና "አልወጣለትም" ብለው ጻፉ። በዓይኔ አየሁት።

እኔ ፈነዳሁ።

"ሁለት ነጥብ አስገባ ነው እኮ የሚለው! ማንበብ ምን ያቅትሃል?"

"አስገብቻለሁ እህቴ።"

"አላስገባህም! ብታስገባማ ይሠራ ነበር! ድሮስ ዜማ ሲያዜም ያደገ ሰው ኮምፒውተር ላይ ምን ይሠራል? ቤተክርስቲያንህ ብትቀመጥ አይሻልህም ነበር?"

አዎ። ብያለሁ። ለዲያቆን። በሰው ፊት። በዕለተ ረቡዕ፣ በጾም!

ከባለሙያዎቹ አንዷ አንገቷን ደፋች።

ይበልጣል አልተቆጣም። ቢቆጣ በስንት ጣዕሙ! ወደ ጋሽ ታረቀኝ ዞሮ "ጋሼ፣ ከፈቀዱልኝ አንድ ነገር ላሳይዎት" አለ።

ሰነዴን ከፈተ። ምሳሌዬ ላይ ሄዶ ዙም አደረገው። አሁንም ዙም አደረገው። ነጥቦቹ የሽምብራ ፍሬ አከሉ።

"ይቺ ነጥብ የእንግሊዝኛዋ አይደለችም" አለ። "የኛዋ ናት። ብራና ላይ ቃልን ከቃል የምትለየዋ። ወፈር ትላለች፣ ግራና ቀኟንም ሰፋ አድርጋ ነው የምትቀመጠው።"

"ነጥብ ደግሞ ምን የኛ ምን የነሱ አላት?" አልኩ።

አሁንም አፌን አልያዝኩም! ሰው ከዚህ በላይ እንዴት ይመከራል?

ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ቀየረና ከሥሯ ሌላ ሁለት ነጥብ ጻፈ። እስቲ እናንተም እዩ። ይቺ (:) ናት። ይቺ ደግሞ (፡) ናት። ለኔና ለእናንተ መንትያ ናቸው። ለማሽኑ ግን የመጀመሪያዋ ብቻ ናት መለያ። ሁለተኛዋን ሲያገኝ የፎልደሩ ስም ውስጥ ያለች ፊደል ትመስለዋለች። ስለዚህ ሁለቱን ፎልደሮች አንድ ላይ አጣብቆ፣ በዓለም ላይ የሌለ አንድ ረጅም ፎልደር ሲፈልግ ነው የዋለው። ምስኪን!

ክው አልኩ።

ሰነዱን ስጽፍ ኪቦርዴን ከአማርኛ አልቀየርኩትም ነበር። እንግዲህ ነገሩ ይሄው ነው። "ያንቺ ላፕቶፕ ላይስ እንዴት ሠራ?" ትሉኝ ይሆናል። የኔን ፋይል ከዓመት በፊት በእንግሊዝኛ ኪቦርድ ሞልቼው ከዚያ ወዲያ ዞር ብዬ አላየሁትም። የራሴን ሰነድ ተከትዬ ቢልድ አድርጌ አላውቅም! አንድም ቀን!

ጋሽ ታረቀኝ "ታዲያ ልዩነቷን ካወቅህ ምነው ዝም አልክ?" ብለው ጠየቁት።

"ትናንት ሰነዱ ሲደርሰኝ ገና ሳያት አውቄያት ነበር ጋሼ። ግን ሰነዱ እንደዚያ ካለ እንደዚያ ነው ብዬ ነው። በግዕዝ ነጥብ የሚሠራ ፕሮግራም ሠሩልን ብዬ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ለአባቴም ነግሬያቸዋለሁ።"

ለአባቱ ነግሯቸዋል!

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት?

"ሰነዱን የጻፈው ማን ነበር?" አሉ ጋሽ ታረቀኝ። ያውቃሉ እኮ! ሽፋኑ ላይ በደማቁ አለ!

"ጋሼ፣ ኪቦርዱ ነው..." ብዬ ጀመርኩ። ኪቦርዱ! እስቲ አሁን ይሄ ከአፍ ይወጣል?

ያን ጊዜ ይበልጣልን አየሁት። ላፕቶፑን ዘግቶ ቻርጀሩን በቀስታ እየጠቀለለ ነበር። ሊመልስ ነው። ስድስት ወር የጠበቀውን ነገር፣ ያለ አንድ ክፉ ቃል፣ እያጣጠፈ ሊያስረክብ ነው።



"እኔ ነኝ" አልኩ። "ጋሼ፣ እሱ የጻፍኩትን ነው ያደረገው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ደብተርዎ ላይ ያሰፈሩትን ይሰርዙልኝ።"

"ልጄ፣ እኔ የማየው የአፑን መውጣት ነው። አልወጣም። መኪናው ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ይነሳል።"

"አሁን ስንት ሰዓት ነው?"

"ሰባት።"

"ይበልጣል፣ ቻርጀሩን መልሰህ ሰካው!"

ጋሽ ታረቀኝን ለመንኳቸው። ኪቦርዱን ጣቴ አይነካውም፣ ፈተናው የሱ ነው፤ እኔ የማርመው ሰነዴን ብቻ ነው አልኳቸው። ሰዓታቸውን አዩና "እስከ ዘጠኝ" አሉ።

ከዚያ ወደ ይበልጣል ዞርኩ። ይሄ ከሁሉ ከበደኝ።

"ይቅር በለኝ። የነጥቡንም፣ የዜማውንም።"

"እኔ ዲያቆን ነኝ እህቴ፣ መፍታት የቄስ ነው" አለኝ። "አንቺ ነጥቧን አስተካክያት።"

ባለሙያዎቹ በሳቅ ፍርስ አሉ። ይሳቁ! ሲያንሰኝ ነው!

ከአንደኛዋ ቫሪያብል ጀመርን። እሱ ያነባል፣ እኔ አርማለሁ።

"'አስፈላጊ ሲሆን ይቀይሩት' ይላል። አስፈላጊ መሆኑን በምን ልወቅ?"

እውነት በምን ይወቅ? አረምኩ።

"'ቁጥሩ ብዙ አይሁን' ይላል። ብዙ የሚባለው ከስንት ጀምሮ ነው?"

አረምኩ። ወገኖቼ፣ ይሄን ሁሉ የጻፈችው ሴትዮ ማን ናት? አግኝቼ ልክ ልኳን በነገርኳት!

አሥራ ሁለተኛዋ ላይ ቆመ።

"እዚህ ጋ ደግሞ 'እውነት ብለው ይሙሉ' ይላል። ባለፈው ዙር 'እውነት' ብዬ ነበር የሞላሁት። ልክ ነኝ?"

በእንግሊዝኛ ፊደል "ትሩ" ተብሎ መጻፍ የነበረበትን ቃል እኔ ተርጉሜዋለሁ። ማሽኑ በአማርኛ እውነትን ከየት ያውቃታል? ስንት ቦታ እንደተረጎምኩት ስፈልግ ዘጠኝ ቦታ! ታዛዡ ይበልጣል ደግሞ ዘጠኙንም ቦታ "እውነት፣ እውነት" እያለ ሞልቶት ነበር። አራተኛዋ ላይ ባይወድቅ ኖሮ ይሄ ሁሉ ጉድ ከኋላ ተሰልፎ ይጠብቀው ነበር።

ሃያ ሰባተኛዋ ላይ መብራት ሄደ።

ማንም ቀና አላለም። ባትሪው ግማሽ አለው፣ ቀጥል!

ስምንት ተኩል ላይ ሾፌራችን ውጭ ክላክስ አደረገ። ሠላሳ አራተኛዋ ላይ ነን። ቀጥል! ደግሞ ክላክስ አደረገ። በመስኮት ብቅ ብዬ "ወንድሜ፣ ቢልድ ላይ ነን!" ብዬ ጮህኩበት። ምን እንደመሰለው እግዜር ይወቅ፣ ከዚያ በኋላ ግን ዝም አለ።

አርባ አንድ።

ይበልጣል ከላይ እስከ ታች አንዴ አየው። ወደኔ ዞሮ "ሰነዱ ላይ የቀረ አለ?" አለኝ። "የለም" አልኩ። ድምፄ ግን እርግጠኛ አልነበረም።

ኢንተር።

ጽሑፉ መውረድ ጀመረ። ወረደ። ወረደ። ቆመ። ትንፋሼም አብሮ ቆመ። ደግሞ ወረደ።

አረንጓዴ!

አረንጓዴ ወገኖቼ! አፑ ወጣ! ታብሌቱ ላይ ተጫነ፣ ተከፈተ፣ የስማዳ ቀበሌዎች ስም ተራ በተራ ተዘርዝሮ መጣ። ቅድም አንገቷን የደፋችው ባለሙያ "ይኸው የኔ ቀበሌ! ይኸው!" ብላ ጮኸች።

ይበልጣል ብድግ ብሎ ወደ መስኮቱ ዞረና አማተበ። ፊቱን እንዳናየው መሰለኝ። እኔ ግን አየሁት፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። የኔንስ ተዉት፣ አትጠይቁኝ።

ጋሽ ታረቀኝ ደብተራቸውን አውጥተው "አልወጣለትም" ያሉትን በሁለት መስመር ሰረዙት። ከሥሩ "ሰኞ ሥራ ይጀምር" ብለው ጻፉ። ደብተሩን ሊከድኑ ሲሉ እኔን አዩና ቆም አሉ።

"አንቺ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ የምትጽፊው ሁሉ ሳይወጣ በፊት በሱ እጅ ያልፋል።"

የምጽፈው ሁሉ!

እሳቸው ሰነድ ማለታቸው ነው። እኔ ግን እልኸኛ ነኝ፣ ሁሉ ከተባለ ሁሉ ነው ብዬ ንፋስ መውጫ እንደገባሁ ይሄን ፖስት ላኩለት። "አጽድቅልኝ" አልኩት፣ እየሳቅኩ።

መልሱ ቶሎ መጣ።

"ሌላው ደህና ነው። ሦስት ቦታ ፊደል ገድፈሻል፣ አስምሬበታለሁ። ግን እኔን የተናገርሽኝ ጋ 'ትንሽ ተናደድኩበት' ብቻ ብለሽ አልፈሻል። ያልሽኝን እንዳልሽው ጻፊው። ሰው የሚያየው የጻፍሽውን ብቻ ነው።"

አለስልሼው ነበር። የዜማውን አውጥቼ፣ "ቤተክርስቲያንህ ብትቀመጥ" ያልኩትን ጭራሽ ቆርጬ፣ ራሴን ደህና ሰው አስመስዬ ነበር የላክሁለት።

መልሼ አንድ በአንድ ጻፍኩት። ሳነበው ያሳፍራል፤ ከላይ ያነበባችሁት እሱ ነው። ደግሜ ላኩለት።

"ጸድቋል" አለኝ።

እስቲ አሁን እናንተን ልጠይቅ፤ ሰው "አልሠራልኝም" ሲላችሁ፣ ሰውየውን ከመናገራችሁ በፊት የራሳችሁን ጽሑፍ ያነበባችሁት ስንቴ ነው? እኔ በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ አንዴ ነው፤ እሱንም ሰው ዙም አድርጎ አሳይቶኝ!