የመናፈሻው ሊቀመንበር

ሰውየውን በቅጡ አላውቃቸውም። ስማቸውን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። ግን እንደሳቸው ያለ ሰው የሌለበት መናፈሻ አለ ብሎ የሚከራከረኝ ካለ፣ እሱ መናፈሻ ገብቶ አያውቅም። አግዳሚ ወንበሩ የሕዝብ ነው፣ ዛፉም የሕዝብ ነው፤ ጥላው ግን የእሳቸው ነው። ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። እኔ በሆዴ «ክቡር ሊቀመንበር» እላቸዋለሁ።

ክቡር ሊቀመንበር ለአራት ሰው በተሠራ አግዳሚ ላይ ሰባት ሰው ያስቀምጣሉ። ስምንተኛው ሲመጣ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ቦታ ሞልቷል!» ይላሉ። ሁልጊዜ ጠጋ የምለው እኔ ነኝ። ጫፉ ላይ በአንድ ጎኔ ተንጠልጥዬ የመጽሐፌን አንድ ገጽ ሦስት ጊዜ አነባለሁ። እሳቸው ከተቀመጡበት ሳይነሱ አላፊ አግዳሚውን ይጠራሉ። «አንተ! ይሄን ሱሪ ማነው በጨለማ የሰፋልህ? ና እስቲ!» የተሰደበው ሰው እየሳቀ መጥቶ ይቀመጣል። እኔ ሰላም ያልኩት ሰው ግን ግራ ቀኙን ያያል፤ ሌላ ሰው ሰላም ያልኩ ይመስለዋል።

ይሄን ሁሉ ችዬ ነበር። አንድ እሁድ ሚስቴን ይዣት ሄድኩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በክቡር ሊቀመንበር ጨዋታ ሆዷን ይዛ ትስቅ ጀመር። በሃያ ዓመት ትዳራችን እንዲያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። በሚቀጥለው እሁድ ደግሞ ገና ሲያዩዋት፣ «የእህትሽ ጉልበት ተሻላት?» አሏት። እኔ የእህቷን ጉልበት መታመም ጭራሽ ረስቼዋለሁ።

የዚያኑ ዕለት በሩ ላይ ከተሰቀለው የአስተያየት ሳጥን ውስጥ አንድ ወረቀት ከተትኩ። መናፈሻው ከመጠን በላይ ስለተጨናነቀና ሣሩም ስለተረገጠ የመግቢያ ክፍያ ቢደረግ መልካም ነው ይላል። ስለ ሣር የተጨነቅሁት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው።

የመናፈሻው ኃላፊዎች ወረቀቴን አይተው ይሁን ራሳቸው አስበውት እንጃ፣ በሦስተኛው ወር የቲኬት መስኮት ተከፈተ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ሰልፍ አልነበረም።

«ስንት ሰው?» አለችኝ ቲኬት ቆራጯ።

«አንድ።»

ከኋላዬ ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ አየት አደረገችና አንዷን ቆርጣ ሰጠችኝ።

ሣሩ አምሮበታል። አግዳሚው ባዶ ነው። መሐሉ ላይ ተንፈላስሼ ተቀመጥኩና መጽሐፌን ገለጥኩ። ገና አንድ መስመር ሳልጨርስ ከአጥሩ ውጭ ሳቅ ሰማሁ።

ክቡር ሊቀመንበር የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ሰዉ ከቧቸው መተላለፊያ ጠፍቷል። «ገበያ ደርሼ ልምጣ» ብላኝ የወጣችው ሚስቴም ዘንቢሏን እግሯ ሥር አድርጋ እዚያው አለች። ለካ ያ ሁሉ ሰው ይመጣ የነበረው ለሣሩ አልነበረም።

በብረቱ መሐል እያየኋቸው ቀናሁ። ቅናቱን ለምጄዋለሁ። ያልጠበቅሁት፣ አሥር እርምጃ እንኳ ሳይርቁ ይናፍቁኛል ብዬ ነው።

ተነሥቼ ወጣሁ። አጠገባቸው ደርሼ ቆምኩ።

«ጋሼ» አልኩ፣ «ክፍያ ይደረግ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አንተ?!» አለች ሚስቴ።

ሳቁ ቀጥ አለ።

«ተቀየሙኝ?»

ክቡር ሊቀመንበር ክንዴን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ፤ ከኮቴ ትከሻ ላይ አንዲት የተንጠለጠለች ክር በጥሰው ጣሉና ያቋረጡትን ጨዋታ ቀጠሉ።